መሸኛ ያልነበረው ጥያቄ

እናቴ ካረፈች በኋላ አንድ ዓመት ያህል ምንም አይሰማኝም ነበር። ጦር ኃይሎች ያለው ቢሯችን እገባለሁ፣ ኮድ እጽፋለሁ፣ ቀራንዮ ወዳለው ቤታችን እመለሳለሁ። ለተባልኩት ሁሉ መልሴ «እሺ» ነው። ሳቅም የለ፣ እንባም የለ።

አጠገቤ የሚቀመጠው ኪዳን የአስኮ ልጅ ነው። ኮድ ላይ ማንም አያክለውም፤ ደብዳቤ ላይ ግን አያድርስ! የአማርኛ ፊደላት ስልክ ላይ የሚቆራረጡበትን ችግር የሚፈታ ማስተካከያ ሠርቶ፣ ጽሑፍ የሚያሳየውን ነፃ ፕሮግራም በበጎ ፈቃድ ለሚመሩት ባለሙያዎች ሦስት ጊዜ ልኮ ሦስቴም መልሰውበታል።

«ምን አጠፋሁ ሌሊሴ?» አለኝ።

አብሮ የላከውን መሸኛ ደብዳቤ አነበብኩት። «ሰባት ፋይል ቀይሬያለሁ፤ ይሠራል» ይላል። አለቀ።

«የቀየርከውንማ ኮዱ ያሳያል። ለምን ቀየርከው? ማን ተቸግሮ? በምን ሞከርከው? ያልፈታኸውስ የቱ ነው?»

«ያልፈታሁትንም ልናገር?»

«እሱን ስትነግራቸው ነው የሚያምኑህ።»

ሁለት ሳምንት ስንጽፍ ስንሰርዝ ሰነበትን። ቀና ስል ስክሪኑን ትቶ እኔን ሲያይ አገኘዋለሁ። ምንም አልተሰማኝም። ማስተካከያው በአራተኛው ሙከራ ተቀባይነት አገኘ።

በቀጣዩ እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። የላካቸው ኪዳን ነው። አባቴ ጓዳ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ልጁን ታውቂዋለሽ?» አሉኝ።

«አውቀዋለሁ አባዬ። ሽማግሌ እንደሚልክ ግን አልነገረኝም።»

አባቴ እንግዶቹን በክብር ሸኙ፤ ልጃቸውን ግን አልሰጡም።

ሰኞ ከሥራ ስንወጣ ደረጃው ላይ አስቆምኩት።

«ደብዳቤህ ላይ የሠራኸውን ስህተት ደገምከው! ለምን እንደሆነ አንድ ቃል ሳትነግረኝ!»

«ብጠይቅሽ እሺ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ» አለኝ።

«እሺ ማለቴ ያስፈራል?»

«ምሳ እንብላ ስልሽም እሺ፣ ቅዳሜ ሥራ ግቢ ሲሉሽም እሺ ነው የምትይው። እንደዚያ ያለ እሺ አልፈልግም። አባትሽ ሲጠይቁሽ ታስቢበት ይሆናል ብዬ ነው። ለምን ካልሽኝ፣ ስለምወድሽ። ሐዘንሽን ግን አላድነውም፤ አልዋሽሽም።»

«አይሆንም» አልኩት።

አንገቱን ደፍቶ ወረደ። እኔ እዚያው ቀረሁ። ተናድጄ ነበር። ከመቼ ወዲህ ነው የምናደደው? ጉንጬን ስነካው ረጥቧል። የምወደው ሰው እየሄደብኝ ነበር። ደረጃውን በሩጫ ወረድኩት።

የአስኮ ታክሲ ሞልቶ ሊንቀሳቀስ ነው። ጎኑን በመዳፌ ደበደብኩት።

«ወራጅ አለ!»

«እህቴ፣ ገና አሁን እኮ ነው የተሳፈሩት!» አለ ወያላው።

«አንዱ ይወርዳል» አልኩት፣ እያለቀስኩ።

ኪዳን የሰው ጉልበት እየተሻገረ ወረደ። ታክሲው ጥሎን ሄደ።