ስልሳ ሁለት በመቶ

ያየህን ከሊማሊሞ ሦስተኛ ጥምዝ ሥር ሞቶ ያገኙት እንጨት ለቃሚዎች ናቸው። የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሉ ከጎኑ ወድቋል፤ የፍሬኖቹ ብሎን ላልቷል። ያንን ብሎን በየማለዳው የምታጠብቀው መካኒክ ሚስቱ ሠርካለም ስለሆነች፣ ደባርቅ ለመፍረድ አንድ ቀን እንኳ አልፈጀባትም። ኢንስፔክተር እስከዳር እስከ ማምሻው ሌላ ሰው ካላገኘች፣ ሠርካለም ታስራ ወደ ጎንደር ትላካለች።

ሠርካለም ይህ ሲነገራት አላለቀሰችም። ከትናንት ጀምሮ እጇ የሌላ ሰው እጅ ሆኖባታል። ውኃ ሲያስታጥቧት እንኳ ቀዝቃዛ ይሁን ሙቅ አልለየችውም። ለቀስተኛው ልበ ደንዳና አላት፤ ወሬ ምን ይሳነዋል!

«ያየህ ምን ይሠራ ነበር?» አለች እስከዳር።

«ያነጻጽር ነበር። የዕቃ አድራሾች ማኅበር ሞተር ይግዛ ወይስ ስኩተር፣ ሁለቱንም ነድቶ እንዲወስን ተቀጠረ።»

«የቱ በለጠው?»

«ስኩተር ቀላል ነው፤ ባትሪው ተነቅሎ ቤት ይገባል። ጎማው ትንሽ ስለሆነ ግን ኮብልስቶኑ ላይ ያንገጫግጫል። ሞተር ዳገት ይችላል፤ ገበያ መሀል ግን ይከብዳል። ውሳኔውን አልነገረኝም። ጽፎ ሳያስፈርመኝ አይናገርም።»

ስኩተሩን የምታቀርበው ሶልያና ናት፤ ሞተሩን አቶ ገዱ። አቶ ገዱ ሃያ ዓመት በቤንዚን ሞተር አዲ አርቃይ ሲመላለሱ የኖሩ፣ አሁን ቤታቸውን ሸጠው አሥር የኤሌክትሪክ ሞተር ያስመጡ ሰው ናቸው።

«ትናንት ከያየህ ጋር ነበሩ?» ስትል እስከዳር ጠየቀቻቸው።

«ኧረ ልጄ! ከሱቄ ንቅንቅ አላልኩም። ነፍሱን ይማረው።»

እስከዳር የወደቀውን ሞተር አየች። ቁልፉ ወደ ማጥፊያው ዞሯል። ስትከፍተው የተሰነጠቀው ስክሪን በራ፤ የባትሪውን መጠን የሚያሳየውን ቁጥር መዘገበች።

በአሥር ሰዓት ሦስቱንም ከሊማሊሞ አናት ሰበሰበቻቸው። ከአቶ ገዱ ሱቅ አንድ ሞተር አስመጥታለች።

«ተራ በተራ እስከ መጀመሪያው ጥምዝ አውርዱት» አለች።

ሠርካለም አወረደችው። ሶልያናም አወረደችው። አቶ ገዱ ግን ቁልቁለቱ ሲጀምር እጃቸው ሄዶ ቁልፉን አጠፋው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይሏል።

«ለምን አጠፉት?»

«ቁልቁለት አይደል? ለቁልቁለት ባትሪ ማን ያባክናል!»

«ቁልቁለት ሲወርድ እኮ ባትሪው ይሞላል» አለች ሠርካለም፣ ለማንም ሳይሆን።

«ያየህም ይህንኑ ሲያስተምር ሰነበተ» አለች እስከዳር። «ከኪሱ በተገኘው ደብተር፣ ትናንት ጠዋት እዚህ አናት ላይ ሆኖ ባትሪው ስልሳ ሁለት በመቶ ብሎ ጽፏል። በፊት በወረደ ቁጥር ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ሁለት ጨምሮ አግኝቷል። የወደቀው ሞተር ግን አሁንም ስልሳ ሁለት ነው፤ ቁልፉ ጠፍቶ ነው የወረደው። ስለዚህ ይነዳ የነበረው ያየህ አይደለም፤ እሱ ከኋላ ተፈናጦ ነበር።»

«ፍሬኑስ?» አለች ሶልያና።

«ሞተሩ ከጠፋ የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። ብሎኑ ከጋራዥ ላልቶ ቢወጣ የመጀመሪያውን ጥምዝ አያልፍም ነበር። ሁለቱን በደህና አልፏል። ስለዚህ ያላላው ሦስተኛው ላይ የቆመ ሰው ነው። አቶ ገዱ፣ ከዚያ ጥምዝ ወደ ደባርቅ ያሳፈረዎትን የጭነት መኪና ሾፌር ዛሬ ጠዋት አግኝቼዋለሁ።»

አቶ ገዱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን እንደ ከዳተኛ ወዳጅ አዩት።

«ሞተሩን ልንዳልህ ብዬ ይዤው ወረድኩ። ጥምዙ ላይ ቆመን ስጠይቀው፣ ‹ለከተማው ስኩተር ብያለሁ› አለኝ። ቤቴን ሸጬ! ሌላም ሊናገር ነበር፤ ገፋሁት። ከዚያ አደጋ እንዲመስል የፍሬኑን ብሎን አላልቼ ሞተሩን አስከተልኩት።»

እስከዳር የደብተሩን መጨረሻ ገጽ አነበበች፦ «ለከተማ ውስጥ ስኩተር። ወደ ቡይት ራስና ወደ አዲ አርቃይ ለሚያደርሱት ግን ሞተር ግድ ነው፤ የአቶ ገዱ አሥሩም ይገዙ።»

ከእስከዳር ጋር የመጡት ፖሊሶች አቶ ገዱን ይዘው ሄዱ።

«ነፃ ነሽ፣ እኅቴ» አለች እስከዳር፤ ደብተሩን ሰጠቻት። ከውሳኔው ሥር «መካኒክ» የሚል ቃልና ባዶ መስመር ነበር። ያየህ በየማታው የሚተውላት ቦታ ነው።

ሠርካለም የእስከዳርን እስክሪብቶ ተቀበለች። ብረት ነው፤ ጣቷን ቀዘቀዛት። ፈረመች። ከዚያ መንገዱ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች።