የሽማግሌው ሊያኦ ማድረቂያ

ሽማግሌው ሊያኦ ሰገነቱ ላይ፣ ጭንቅላቱን የልብስ ማድረቂያው ማሽን ሆድ ውስጥ እንደከተተ ሞቷል። የማሽኑ የኋላ ክዳን ተፈቷል፤ ካቻቢቴው በእጁ ነው።

በወደብ ከተማዋ ኪሉንግ ዝናቡ አላባራም። ኢንስፔክተር ፋንግ ጃንጥላዋን አጥፋ ስትገባ እራቱ ገና ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሳሎኑን ስታቋርጥ ሁለቱ ግድግዳዎች ላይ ከፍ ብለው ፊት ለፊት የተመቱ ሁለት ሚስማሮች አየች። ባዶ ናቸው። ወደ ደረጃው አለፈች።

የሟቹ ልጅ ዩንሩ ደረጃው ላይ ጠበቀቻት።

«ምኑ ይመረመራል? ገዳይቷ ማዕድ ቤት ተጎልታለች! ይቺ ቬትናማዊት የወንድሜ ሚስት፣ አባባ ማሽኑን ሲጠግን የመብራቱን ብሬከር አንስታ ኤሌክትሪክ ለቀቀችበት። እሷ እስር ቤት ትገባለች፤ ልጇን ሚንን እኛ እናሳድጋለን።»

ምን ዓይነት ጉድ ናት! አለች ፋንግ በልቧ። የአባቷ ገላ ገና አልቀዘቀዘም።

ፋንግ ማዕድ ቤት ስትገባ፣ የሽማግሌው ምራት ዲየም ወለሉ ላይ ተኮራምታ ተቀምጣለች። «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች።

«እስቲ ረጋ በይና ንገሪኝ፣ ልጄ።»

«መብራት ጠፋ። ባለቤቴ ቦሼንግ ከፎቅ ‹ብሬከሩን አንሺው› ብሎ ጮኸ፤ አነሳሁት። አባባን ለእራት ልጠራ ስወጣ...» እንባዋ መጣ። «ሚንን ይወስዱብኛል አይደል?»

«ልብስ የምታሰጡት የት ነው?»

ዲየም ግራ ገባት። «ማሽኑ አልሞቅ ካለ ወዲህ ሳሎን፣ ገመድ ላይ። የሙታን ነፍስ ይዞራል በሚባልበት በመናፍስት ወር ልብስ ውጭ አያድርም፤ መናፍስቱ ይለብሱታል። ዛሬ ከሰዓት ግን አባባ ራሱ ጠገነው። የተቃጠለችውን የሙቀት ፊውዝ ቀየረለት። የሚንን ዩኒፎርም አደረቅንበት፤ ያው ውስጡ ነው። ዩንሩም ገመዱን አወረደችው። መልሶ ተበላሽቶበት ይሆናል።»

ፋንግ ቦሼንግን ያገኘችው ሰገነቱ በር ላይ ነው። ዓይኑ ደርቋል።

«የት ነበሩ?»

«ከሥራ መጥቼ ሳሎን ቴሌቪዥን እያየሁ ነበር። እንደ ሰሞኑ ያ እርጥብ ልብስ አናቴ ላይ እየተንጠባጠበ! ባለሙያ እንጥራ ብለው አባባ አሻፈረኝ አለ። ቤቱን እንሽጥ ስለውም ያው ነበር፤ ግትር!»

ፋንግ ሬሳው ላይ ጎንበስ አለች። ጣቶቹ ላይ የቃጠሎ ምልክት የለም። ማጅራቱ ግን አብጦ ጠቁሯል።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሽቦዎቹን ቦታቸው መልሳ ክዳኑን አሰረች፤ ማሽኑንም አስነሳችው። ከዚያ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበች። ከላይ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል።

«ሽማግሌውን ኤሌክትሪክ አልገደለውም» አለች። «ከኋላ ተመትቶ ነው የሞተው። በፊቱ የተደፋ ሰው ማጅራቱን ምን መታው?»

«ታዲያ ለምን ፈታታው?» አለች ዩንሩ።

«እሱ አልፈታውም። ማሽኑ ይሠራል፤ አሁን እየሞቀ ነው። ደህና የሚሞቅ ማሽን ማን ይፈታል? የፈታው፣ መጠገኑን ያልሰማ ሰው ነው። አንቺ ገመዱን ያወረድሽው ስለተጠገነ ነው፤ ዲየምም ልብስ አድርቃበታለች። አቶ ቦሼንግ ግን ሥራ ነበሩ።»

ቦሼንግ ሳቅ ለማለት ሞከረ። «እኔ እዚሁ ነበርኩ አልኩሽ እኮ!»

«እርጥብ ልብስ እየተንጠባጠበብዎት? እስቲ ቀና ይበሉ።»

ቀና አለ። ገመዱ የወረደባቸውን ሁለት ባዶ ሚስማሮች አየና ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ሳሎን አልገቡም፤ ዲየምም ድምፅዎን የሰማችው ከፎቅ ነው። በጓሮ ደረጃ ወጥተው በቤቱ ሽያጭ ተጣላችሁ፤ መቱት። ከዚያ ማሽኑን ፈትተው ጭንቅላቱን ውስጥ ከተቱ፤ ሽቦ አነካክተው መብራቱን አጠፉ። ብሬከሩን ግን ራስዎ አላነሱም። ሚስትዎን አዘዙ።»

 አብረዋት የመጡት ፖሊሶች እጁን ሲይዙት ቦሼንግ አልታገለም።

ዲየም ተነስታ ፊቱ ቆመች። «አንሺው ስትለኝ፣ አባባ ሞቶ ነበር?»

ቦሼንግ መሬት መሬት አየ።

«ዕድሜ ልኬን ገደልኩት እያልኩ እንድኖር ነበር? ሚንን ከእጄ ነጥቀህ?»

 ላይ ማሽኑ ቆመ። ዲየም ደረጃውን ወጣች፤ የልጇን ዩኒፎርም ከማሽኑ አውጥታ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ሙቅ ነበር። ያኔ ነው ስለ ሽማግሌው ጮክ ብላ ያለቀሰችው።