ደንቆሮ የተባለው ውሻ

ሙሉአለም ጌዲን መጀመሪያ ያየችው የአባቷ ውሻ ሊዘነጥለው ሲዘልበት ነው። ሻምበል ሰንሰለቱን እስከ ጫፉ ወጥሮ ያጓራል፤ ልጁ ደግሞ ከጥርሱ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቁጢጥ ብሎ፣ ገበያ ላይ ፍየል እንደሚመርጥ ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየዋል። አልሸሸም። ጅግጅጋ ውስጥ ሻምበልን አይቶ ያልሸሸ ሰው አታውቅም ነበርና ቆማ አየችው።

«ጭንቅላቱን እንዲህ ማራገፍ የጀመረው መቼ ነው?» አላት።

«እሱን አላስተዋልኩም። ሰው መንከስ የጀመረው ግን በቀደም ነው። ውሃ የሚያመጣልንን ሰውዬ እጁን ቦጨቀው።»

«ክትባትስ?»

«አባቴ በየዓመቱ ያስከትበዋል። ከኔ ይልቅ ለሱ ነው የሚጠነቀቀው።»

ጌዲ ሳቀ። «ክፉ ሆኖ አይደለም» አለ። «ያመዋል። ያመመው ሰውም እኮ ይናከሳል።»

ጌዲ ከከብት ተራው አጠገብ ካለ የእንስሳት መድኃኒት ቤት የተላከ ልጅ ነው። ግመልና ፍየል ሊያክም ተምሮ፣ ውሻ ስለማይፈራ ብቻ የመጋዘን ውሾች ሁሉ እሱ ላይ ወደቁ። ጓደኞቹ «የውሻው ዶክተር» እያሉ ያበሽቁታል፤ እናቱ ደግሞ ውሻ ነክቶ በመጣ ቀን ጫማውን ደጅ ታስወልቀዋለች። እሱ ለሁሉም ይስቃል።

ሙሉአለም የሻምበልን አንገት አቅፋ ያዘችለት፤ እሱ አፉን በገመድ አስሮ ጆሮውን ገለበጠ። ጆሮው መግል ቋጥሯል። ከውስጡ ሹል የሳር ፍሬ በመቆንጠጫ ሲመዝ ውሻው እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ ከዚያም ረጅም ትንፋሽ ተንፍሶ ራሱን ጌዲ ጉልበት ላይ ጣለ። ሰንሰለቱ የላጠውን አንገቱንም ቅባት ቀባለት።

«ቀኑን ሙሉ የሚታሰር ውሻ ይከፋል» አላት። «ግቢው ሲዘጋ ፍቱት፣ ይሩጥ። እኔ ጠብታውን በየቀኑ እየመጣሁ አደርግለታለሁ።»

ጠብታ ማድረግ እሷም ትችል ነበር። አልነገረችውም።

ሊሄድ ሲል ሁለት እጁን ዘረጋላት። «አስታጥቢኝ። ሰባት ጊዜ ነው፣ አንዱ በአፈር። ምራቁ ነክቶኛል፤ በኛ ነጃሳ ነው፣ ያረክሳል።»

በጆግ እየቀዳች አፈሰሰችለት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከአፈሩ ቆንጥሮ አሸ፣ እንደገና። አራተኛው ላይ ቀና ብሎ አያት።

«ስንተኛው ነበር?»

«አራተኛ።»

«አይደለም አቦ፣ ተሳስተሻል። ከመጀመሪያው እንጀምር።»

አለመሳሳቷን ታውቃለች። እሱም ያውቃል። ውሃ በቦቴ በሚገዛበት ከተማ ያን ቀን አንድ ጀሪካን ሙሉ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ ሁለቱም አልቆጫቸውም። ፍቅራቸው እንዲህ ነው የጀመረው፣ በውሻ ጆሮ ሰበብና በሰው ውሃ።

አባቷ አቶ ገብረክርስቶስ የሩዝና የፓስታ ጅምላ ነጋዴ ናቸው። ከሸዋ መጥተው ጅግጅጋ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ነግደዋል። በ2010 ሐምሌ ማብቂያ ከተማው ሲታመስ ሱቃቸው ከነዕቃው ነደደ። ነፍሳቸውን ያተረፈው ሶማሌው ጎረቤታቸው ዲሪዬ ነው፤ እሳቸውን፣ ሚስታቸውንና ልጃቸውን ጓዳው ደብቆ። ሚስታቸው አዳማ እህቷ ዘንድ ሄዳ በዚያው ቀረች። እሳቸው ግን በተቃጠለው ሱቅ ቦታ ላይ መጋዘን አሠሩ፣ ከሐረር ቡችላ አስመጥተው በሩ ላይ አሰሩ።

«የለኮሰኝም ያዳነኝም የዚሁ አገር ሰው ነው» ይላሉ ለጠየቃቸው ሁሉ። «ስለዚህ ማንንም አልጠላም። ከውሻዬ በቀር ደግሞ ማንንም አላምንም።»

ይህ ንግግር ከዚያ ሐምሌ አራት ዓመት በኋላም አልተለወጠም። ሙሉአለም የወደደችው ልጅ ሶማሌና ሙስሊም ነው። የጌዲ እናት ደግሞ ውሻ የነካ ልጇን ደጅ የምታቆም ሴት ናት፤ መስቀል ያሰረች ምራት እንዴት እንደምትቀበል መገመት አይከብድም።

የሻምበል ጆሮ ዳነ። ጌዲ ግን አልቀረም። አባቷ ዕቃ ሊያመጡ ቶጎ ውጫሌ ሲሄዱ፣ በመጋዘኑ ጀርባ ባለው ጠባብ በር ይገባል። ሻምበል ጠብታ በተደረገለት ቁጥር ብስኩት ከጌዲ የመድኃኒት ቦርሳ ይወጣለት ስለነበር፣ ጌዲ ሲመጣ ጅራቱን እየቆላ ይቀበለዋል እንጂ ትንፍሽ አይልም። ሙሉአለም በዚህ ደስ ይላት ነበር። የማይጮኽ ውሻም ምስክር እንደሚሆን አላሰበችም፤ የወደደ ሰው ብዙ ነገር አያስብም።

ሩዝ ከረጢት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወራሉ፤ አንዳንዴም አያወሩም። ጌዲ ዝም ሲል ዓይኑ እጇ ላይ ያርፋል። እሷ ታውቃለች፣ እጇን አታነሳም።

«አባትሽን ላናግራቸው» አላት አንድ ቀን።

«አሁን አይሆንም። ትንሽ ልቡ ይርጋ።»

«መቼ ነው የሚረጋው?»

«ያንተስ እናት?»

ጌዲ ጢሙን ዳሰሰ። «እሷም… ትንሽ ትቆይ።»

ተያይተው ሳቁ። እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ፣ አሁንም ከአዳማ በደወለች ቁጥር «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ» ትላት ነበርና፣ ሙሉአለም ዝም ማለትን ብልህነት አድርጋ ነው ያደገችው። ጌዲ ደግሞ ከማንም ጋር መጋጨት አይወድም። የተመቻቹትም በዚሁ ነበር።

አንድ ሐሙስ አቶ ገብረክርስቶስ ከቶጎ ውጫሌ ሲመለሱ ዲሪዬ መንገድ ላይ አስቆማቸው። ወንድ ልጅ በጀርባ በር ሲወጣ ከሩቅ አይቷል፤ ፊቱን አልለየውም። ቤት ሲገቡ ልጃቸውን አንዲት ጥያቄ አልጠየቋትም። እራታቸውን በሉ፣ ተኙ፣ ጠዋት ለጌዲ ደወሉ።

ሙሉአለም ከኩሽናው በር ሆና ሲገባ አየችው። ሻምበል ተፈትቶ ግድግዳው ጥላ ሥር፣ ጀርባውን ሰጥቶ ተኝቷል።

«ና እስቲ፣ ዋርያ» አሉት አባቷ። «እኔ ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ነው የማውቀው። የኔው ይበላል፣ ዝም ይላል። ትናንት ሰው በጀርባ ገብቶ ወጥቷል፤ አልጮኸም። ምን ነካው?»

 የጌዲ ዓይን በአባቷ ትከሻ ላይ አልፎ ኩሽናው በር ላይ ደረሰ። ሙሉአለም ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ተመኘች፦ እንዲናገርና እንዳይናገር።

«ጆሮው ነው፣ ጋሼ» አለ። «ያ መግል ውስጡን ጎድቶታል። አይሰማም።»

«ደንቁሯል?»

«ደንቁሯል።»

አቶ ገብረክርስቶስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በዚያ ሐምሌ እሳቱ ከኋላ ሲመጣ የቀሰቀሰኝ አልነበረም። ሁለተኛ ተኝቼ አልነድም። የማይሰማ ዘበኛ ምን ያደርግልኛል? ግደለው።»

«ጋሼ… ጊዜ ይስጡኝ፣ ላክመው።»

«ይድናል?»

ጌዲ አሰበ፤ ይድናል ቢል፣ ውሻው ገና ሳይታከም ነገ ቢጮኽ ምን ሊባል ነው? «አይመስለኝም» አለ።

«እንግዲያው ሥራህን ሥራ። እንዳይሰቃይ በመርፌ አድርገው።»

ጌዲ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠና ዚፑን ጎተተ። የዚፕ ድምፅ ምን ያህል ነው? ሻምበል ግን ከተኛበት ሁለት ጆሮውን ቀጥ አደረገ። ዘወር አለ፣ ተነሣ፣ ጅራቱን እየቆላ ብስኩቱን ሊቀበል መጣ።

ሦስቱም አዩት። አባቷ ውሻውን አዩ፣ ጌዲን አዩ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ኩሽናው መልሰው ልጃቸውን አዩ። ዓይናቸውን ከሷ ላይ አላነሱም። 

ሙሉአለም፣ ብናገር ጌዲ ውሸታም ይባላል፣ በጀርባ በር የሚገባ ሌባ ይባላል፣ ወሬው እናቱ ጆሮ ይገባል ብላ አሰበች። አሁን ይናገራል፣ አሁን፣ መርፌውን ከማውጣቱ በፊት። ጌዲም ያያታል። እሱም የሷን ቃል ይጠብቃል። እኔን ብትወደኝ ኖሮ ትናገር ነበር ይል ይሆን፣ ወይስ ዝም በል እያለችኝ ነው ይል ይሆን፣ አላወቀችም።

ጌዲ ማደንዘዣውን በመርፌው ሞላ፤ ለግመል የሚበቃ ነው። ሻምበል እንደለመደው የፊት እግሩን ሰጠው። የመጀመሪያው መርፌ ሳተ። ውሻው አመመኝ ብሎ አልተናከሰም፤ የእጁን አንጓ ላሰው። ሁለተኛው ገባ። ውሻው ራሱን ጌዲ ጉልበት ላይ እንዳስደገፈ ከበደ፣ ከበደና ጌዲ ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስተኛው።

ከዚያ ቦርሳውን ዘግቶ፣ እጁን ሳይታጠብ ወጣ።

አባቷ አካፋ አምጥተው ከመጋዘኑ ጀርባ መቆፈር ጀመሩ። የጅግጅጋ ነፋስ አፈሩን ፊታቸው ላይ ይመልሰዋል። ሙሉአለም ብዙ ቆይታ ወደሳቸው ሄደች።

«ይሰማ ነበር፣ አባዬ» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አስገደልከው?»

«ከሁለት አንዳችሁ ትናገራላችሁ ብዬ ነዋ። መርፌው እስኪገባ ጠበቅኩ። ሁለታችሁም አፍ አላችሁ።»

«አንተስ? አንድ ቃል ብትል ይተርፍ ነበር እኮ!»

አካፋውን ተደግፈው ቆሙ። ፊታቸው አርጅቶ ታያት። «ይተርፍ ነበር» አሉ። «ያመንኩት እሱን ብቻ ነበር። እሱም ላንቺ ዝም አለልሽ። ጨከንኩበት።»

እያለቀሰች ጠየቀቻቸው። «ጌዲ ቢናገር ትሰጠኝ ነበር?»

«አልሰጥሽም ነበር።» አካፋውን አፈር ውስጥ ሰደዱት። «ግን እምቢ ብለው ላንቺ ይሟገተኛል ብዬ የምፈራው ሰው ይሆን ነበር። አሁን ምኑን እፈራዋለሁ?»

ጌዲ ለጥቂት ቀናት ጠፍቶ ደወለ። አነሣችው፤ ስሙን ስክሪኑ ላይ ስታይ ልቧ መምታቱን ልትከለክለው አልቻለችም።

«ላንቺ ብዬ ነው» አላት። «ወላሂ፣ ሙሉ፣ ብናገር ያጠፉሻል ብዬ ነው።»

«ይቆጣኝ ነበር። ቁጣ ያልፋል።»

«አንቺም ቆመሽ ነበር። አንቺም አልተናገርሽም።»

«አዎ፣ እኔም። እኔም ላንተ ብዬ ነው። የሚያስፈራኝ ይኸው ነው፣ ጌዲ። አንድ ቤት ብንገባ፣ አንድ ቀን እናትህ ወይ እኔ ወይ እሷ ብትልህ፣ አባቴም እንደዚያው ቢለኝ፣ ማን ሊናገር ነው?»

ጠየቀችና ጠበቀች። ከልቧ ጠበቀች። እኔ እናገራለሁ ቢላት፣ ያን ሰዓት በፊት ለፊቱ በር ወጥታ፣ ባጃጅ ይዛ፣ ሰው ሁሉ እያያት ከብት ተራ ድረስ ትሄድለት ነበር። ስልኩ ውስጥ የፍየል ድምፅ ይሰማል፤ ሥራ ቦታ ነው። ሊናገር ትንፋሽ ሲስብ ሰማችው። ትንፋሹን መልሶ ሲያወጣውም ሰማችው።

«ይቅር በይኝ» አለ በመጨረሻ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ጌዲ በዓመቱ ወደ ኤረር ሄዶ የራሱን መድኃኒት ቤት ከፈተ። ግመል ያክማል፣ ፍየል ያክማል፤ ውሻ ይዞ የመጣን ሰው ግን አላውቅበትም ብሎ ይመልሳል ይላሉ ከዚያ የሚመጡ። እናቱ የመረጠችለትን አግብቷል። ሙሉአለም ዛሬም መጋዘኑን ከአባቷ ጋር ትሠራለች። ጌዲን መውደዷ አልተዋትም፤ ሊተዋት ይገባል ብላ ብዙ ታግላዋለች። አባቷም ይህን ያውቃሉ። ከሰው አልሰሙም፤ ምሳ እየበሉ ራሷ ነግራቸዋለች።