«ናፈቅሽኝ» ብላ ያነበበችው መልእክት

«አንተ፣ ምን ትፈልጋለህ?»

ሉጥፊያ ዞር ብላ ከኋላዋ የቆመ ወንድ ፈለገች። ማንም የለም። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ባለችው ትንሽ መድኃኒት ቤት ውስጥ ባንኮኒው ጋ የቆመችው እሷ ብቻ ናት። ነጭ ጋዋን የለበሰው ረጅም ወጣት ዓይን ዓይኗን እያየ ነው።

«እኔን ነው ‹አንተ› የምትለኝ?»

«አዎ፣ አንተ። ሐበሻ አይደለህ?»

ሳቋ አመለጣት። ወጣቱ ግን ደንግጦ አንገቱን ደፋ።

ሙዕተዝ ይባላል። አባቱ ሱዳናዊ፣ እናቱ ወይዘሮ ትርንጎ የወሎ ሴት ናቸው። አማርኛን የለመደው እናቱ «አንተ ና! አንተ ብላ!» ሲሉት ብቻ ስለሆነ፣ ለሴት እንዴት እንደሚነገር አያውቅም።

ሉጥፊያ ደሴ ከተማ ውስጥ የታሪክ መምህርት ነበረች። በተናገረችው ነገር ታስራ ከተፈታች በኋላ በመተማ በኩል ወጥታ፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ከሚኖሩት አክስቷ ከወይዘሮ ፋናዬ ዘንድ ተጠጋች። ቀን ቀን ካርቱም ሁለት፣ ሱዳኖች «ረውዳ» በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ትሠራለች። አክስቷ ስኳር አለባቸው። በዚያ ጊዜ፣ የሱዳኑ ጦርነት ከመጀመሩ በፊት በነበረው ዓመት፣ ኢንሱሊን እንደ ልብ አይገኝም ነበር።

ሙዕተዝ ግን ከየትም ከየትም ፈልጎ ያመጣላታል። ሲያገኝ ይጽፍላታል። እሱ የአማርኛ ፊደል አይለይም፤ እሷ ዓረብኛ ብትሰማም ማንበብ አትችልም። ስለዚህ የሚጻጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። መጀመሪያ «መድኃኒቱ ተገኝቷል» እና «አመሰግናለሁ» ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ መድኃኒት የማይነሳበት መልእክት መምጣት ጀመረ።

«ዛሬ አቧራው ከባድ ነው። ፊትሽን ሸፍኚ።»

ሉጥፊያ ይህችን ደጋግማ አነበበቻት።

አንድ ቀን ከረውዳው አስፈቅዳ ለመኖሪያ ፈቃዷ ጉዳይ እንደወጣች ስልኳ ጮኸ።

«አይ ሚስድ ዩ።»

ናፈቅሽኝ! ቃሉን ታውቀዋለች፤ በየፊልሙ ሰምታዋለች። ሰው በሞላበት ሃፍላ ውስጥ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ አውቶቡሱ እያንገጫገጫት መለሰችለት። «እኔም ናፍቀኸኛል። ከአንተ ሌላ የማስበው የለም። ልቤ የአንተ ነው።»

መልስ አልመጣም።

በማግስቱ አዲሱን ሻሿን አስራ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄደች። ሙዕተዝ ቆሟል። አጠገቡ የሥራ ባልደረባው ሸይማእ አለች። ጥግ ላይ ወይዘሮ ትርንጎ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ተቀምጠዋል። መድኃኒት የሚጠብቁ ሰዎችም አሉ።

ሸይማእ ገና ስታያት አፏን በእጇ ያዘች። «መጣች! ‹ልቤ የአንተ ነው› መጣች!» አለች በዓረብኛ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ሉጥፊያ ክው አለች። «ሙዕተዝ... አሳየሃቸው?»

«ላ፣ አላሳየሁም ወላሂ! የሱቁ ስልክ ነው። ሁሉም ሰው ያነባል...»

«ምንድን ነው ነገሩ?» አሉ እናቱ ቀና ብለው።

ይሄኔ ሙዕተዝ ተርበተበተ። «ምንም የለም፣ እማ! ቃሉ ነው። ‹ሚስ› ብዙ ትርጉም አለው። ሃፍላ ሲያመልጥህ ‹ሚስ› ነው። ድንጋይ ወርውረህ ስትስት ‹ሚስ› ነው። ያላገባች ሴትም ‹ሚስ› ናት። ሰው ሲናፍቅህም... እኔ ግን መድኃኒት ይዤ ረውዳ መጣሁ፣ አንተ የለህም። አጣሁህ ማለት ነው። ሌላ ነገር የለም!»

ሌላ ነገር የለም።

«ገባኝ» አለች ሉጥፊያ። ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም። መድኃኒቱን ተቀብላ ወጣች። ከበሩ ውጭ እንኳ ሳቃቸው ይከተላት ነበር። ያን ሁሉ ተማሪ ያስተማረች ሴት፣ አንዲት ቃል አሳስታ አንብባ ልቧን ለገበያ አወጣችው!

ከዚያ ቀን በኋላ ቁጥሩን ዘጋችው። በመድኃኒት ቤቱ ደጅ ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳለች። የሕፃናቱን ፊት እየጠረገች ሳለ ነገሩ ትዝ ሲላት ጆሮዋ ይግላል፤ «ኤጭ!» ትላለች ሳታስበው። ሕፃናቱም «ኤጭ! ኤጭ!» እያሉ ይስቃሉ።

ኢንሱሊኑ እያለቀ ሄደ። ሌላ ቦታ ሁሉ ጠየቀች፤ የለም።

«ያን ልጅ ጠይቂው እንጂ» አሏት አክስቷ።

«እሱም የለውም» ብላ ዋሸች።

ወይዘሮ ፋናዬ ለሉጥፊያ ሳይነግሩ የሚወጉትን መጠን መቀነስ ጀመሩ። አንድ ጠዋት ከአልጋቸው መነሳት አቃታቸው። አፋቸው ደርቋል፤ ንግግራቸው ይምታታል። ጎረቤት ተሸክሞ ክሊኒክ አደረሳቸው። ሐኪሙ አይቷቸው ራሱን ነቀነቀ። «እዚህ ኢንሱሊን የለም። ቶሎ ፈልጊ!»

ሉጥፊያ የመጀመሪያው ኀፍረቷ ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ምንም እንዳልነበረ የገባት ያን ጊዜ ነው። ስቀውብኝ ነበር ብላ ሰው ልትገድል!

መድኃኒት ቤቱ ስትደርስ ሰው ተሰልፏል። ሻሿ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ላብ በላብ ሆናለች። ሰልፉን አልፋ ባንኮኒው ላይ ተደገፈች።

«ኢንሱሊን አለህ? አክስቴ ክሊኒክ ናት!»

ሙዕተዝ ወዲያው ማቀዝቀዣውን ከፈተ። አንዱ ጥግ ላይ ስሟ የተጻፈበት ከረጢት አለ።

«የአክስትሽን ለይቶ ሲያስቀምጥ ነው የከረመው» አለች ሸይማእ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ። «ረውዳም ሁለቴ ሄዶ አስመልሰሽዋል። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ።»

ሙዕተዝ መድኃኒቱን በበረዶ ጠቅልሎ ጋዋኑን አወለቀ። ከዚያ በሰልፈኛው ሁሉ ፊት ቆመ።

«ሉጥፊያ፣ ያን ቀን ግማሹን ብቻ ነው ያወራሁት። አጣሁህ፣ እውነት ነው። ግን ናፍቀኸኝም ነበር! እናቴ ፊት አፈርኩ። ሰው ልብህ ላይ ሲስቅ ዝም አልኩ። ዓይብ፣ ነውሩ እሱ ነው እንጂ ያንተ መልእክት አይደለም።»

ሉጥፊያ መድኃኒቱን ከእጁ ወሰደች። «አሁን አክስቴ ናት የምታሳስበኝ። ያላ!»

አብረው በረሩ።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ፋናዬ ዓይናቸውን ገለጡ። ወይዘሮ ትርንጎም ወሬውን ሰምተው ሾርባ ይዘው ደረሱ። የሉጥፊያን ግንባር ሳሙ።

«ልጄ፣ ያን ቀን ሲስቁብሽ ቁጭ ብዬ ማየቴ አሳፍሮኛል። የእናት ሥራ አልሠራሁም።»

ወይዘሮ ፋናዬ በደከመ ድምፅ ጠየቁ። «ይሄ በረጅሙ የቆመው ማነው?»

ሉጥፊያ ጆሮዋ ጋለ። ግን አንገቷን አልደፋችም።

«የማገባው ሰው ነው።»

ሙዕተዝ ገና አልጠየቃትም ነበር። የያዘው የውሃ ብርጭቆ ከእጁ አመለጠ። ወይዘሮ ትርንጎ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ነርሷ ሮጣ መጥታ «ዝም በሉ! በሽተኛ አለ!» ብላ ተቆጣች። የሳቁት ግን በሽተኛዋ ራሳቸው ነበሩ።

ኒካሁ ከረመዳን በፊት ታሰረ። ጥቂት ቆይቶ ጦርነቱ ካርቱምን ሲበትናት ወይዘሮ ፋናዬንና ወይዘሮ ትርንጎን ይዘው ከኢትዮጵያ ድንበር ብዙም የማትርቀው ገዳሪፍ ገቡ። ዛሬም እዚያው ናቸው። እሱ መድኃኒት ይሸጣል፤ እሷ ከአገር ቤት የሚሰደዱ ልጆችን ታስተምራለች።