የሙከራው ማስታወቂያ

ላፕቶፑ ላይ ያው ቀይ የስህተት ጽሑፍ ተመልሶ መጣ። ድርቤ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። «ኧረ በቃኝ!»

የትምህርት ቤታቸው ድረ ገጽ ስልክ ላይ ሲከፈት ጽሑፉ ይደራረባል። መምህር ጉደታ እንዲያስተካክሉት ሲያዟቸው፣ «ዋናውን እንዳትነኩ። መጀመሪያ ላፕቶፕ ላይ ቅጂውን አስነሱና እዚያ ሞክሩ» ብለው ነበር። ሥራው የተሰጠው ለሁለት ነው፤ ለድርቤና ለጓደኛዋ ለሜቲ። ሜቲ ግን «ነገ እመጣለሁ» እያለች ሳምንቱ አለቀ። ድርቤ ብቻዋን አንዱን ፕሮግራም ስትጭን ሌላው ይጎድላል፤ የጎደለውን ስታወርድ ኔትወርክ ይቆረጣል፤ ኔትወርኩ ሲመጣ ደግሞ የነቀምቴ መብራት ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ ያልተነጫነጨ ካለ እሱ ነው የሚገርመው።

ዛሬም ከክፍል በኋላ እዚያው ትምህርት ቤት ቀርታ፣ ተስፋ ቆርጣ ልትዘጋው ስትል ገጹ ድንገት ተከፈተ። ደስ ቢላትም ለመጮህ እንኳ አቅም አልነበራት። መሥራቱን ለማረጋገጥ አንድ ማስታወቂያ መጻፍ ነበረባት። ሌላ ሰው ቢሆን «ሙከራ» ብሎ ይጽፋል። የድርቤ ንዴት ግን ገነፈለ፦

«ማስታወቂያ፦ ሜቲ የምትባል ሰነፍ ጠፍታብናለች። ያገኛት ሰው እዚያው ያስተኛት፤ ለሥራ አትሆንም።»

ብቻዋን ሳቀች። ማን ያየዋል? የራሷ ላፕቶፕ ነው።

ትንሽ ቆይቶ የኮምፒውተር ክበባቸው ልጅ ዋጋሪ ስልኩን ይዞ እየሮጠ ገባ። «ድርቤ፣ ይቺን አይተሻታል? ግቢው በሙሉ እየሳቀ ነው!»

ስልኩ ላይ የተከፈተው ዋናው ድረ ገጽ ነው። በተደራረበው ጽሑፍ አናት ላይ የሷ ማስታወቂያ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ድርቤ ክው አለች። ቅጂውን ስታስነሳ ማስታወቂያዎቹ የሚቀመጡበትን አድራሻ ወደ ላፕቶፗ መቀየር ረስታለች። የጻፈችው ሁሉ በቀጥታ ዋናው ላይ ገብቷል። ወዲያው ሰረዘችው።

«ምን ያስጨንቅሻል?» አለ ዋጋሪ። «ገጹ ተጠልፏል በያ! ማን ያውቅብሻል? ደግሞስ ውሸት ነው እንዴ? አልመጣችም እኮ!»

ውሸት አይደለም። ይበልጥ ያሳፈራትም ይኸው ነበር። ሜቲ «ነገ» ባለች ቁጥር «ችግር የለም» ስትላት የከረመችው ራሷ ናት፤ አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት አልተቆጣቻትም።

ስልኳ ጮኸ። ሜቲ ናት።

«አካም ድርቤ» አለች፤ ስታለቅስ መቆየቷ ከድምፅዋ ያስታውቃል። «ስለ እኔ የተጻፈውን አየሽ? ልጆቹ ስክሪንሾት እየተላላኩ ነው። ገጹ ተጠልፏል ይላሉ። ማሎ ድርቤ፣ በእናትሽ፣ ማን እንደሆነ አጣሪልኝ። ካንቺ ሌላ ማንን እለምናለሁ?»

ከአጠገቧ ሆኖ የሰማው ዋጋሪ አውራ ጣቱን አነሳላት። እውነትም ቀላል ነበር፤ «እሺ» ብሎ ስልኩን መዝጋት፣ ቤት ገብቶ መተኛት። ድርቤ ደግሞ እንቅልፍ በጣም ናፍቋታል።

«ሜቲ፣ ቤት ነሽ?»

«አዎ፣ ምነው?»

«እንዳትወጪ። መጣሁ።»

ላፕቶፑን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ምን ልትያት ነው?» አለ ዋጋሪ፣ ግራ ገብቶት።

«እኔ ነኝ እላታለኋ።»

የሜቲ ቤት ከገበያው ወዲያ ነው። ማካፋት ጀምሯል፤ እግሯም ዝሏል። አንድ ባጃጅ አጠገቧ ቆመላት። በእጇ «ሂድ» አለችው። የምትጀምርበትን ቃል ገና አላገኘችም፤ መንገዱ ትንሽ እንዲረዝምላት ፈልጋለች።