ያልተሳደበው ጎረቤት

የጎረቤቶቹን በር አላንኳኳም። ሆን ብሎ ነው።

እዚህ ሰፈር የአየር ቱቦ የሚጠርግ ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ግራና ቀኝ ያሉትን በሮች ያንኳኳል። «የአየር መውጫችሁን ክደኑ፣ ልንነፋ ነው» ይላል። በምሥራቅ ባልቲሞር ቤቶቹ ግድግዳ ይጋራሉ፣ የከሰል ጭስ ማውጫም ይጋራሉ። ማቀዝቀዣ የመጣ ጊዜ ሰዉ ወለልና ጣሪያ ላለማፍረስ ብሎ ቱቦውን በዚያው በአሮጌው ጭስ ማውጫ ውስጥ አሳለፈው። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲያስነጥስ በግድግዳው ማዶ ያለው «ይማርህ» ይላል። አንዱ ቤት የተነፋው ጥቀርሻም ሌላው ቤት ሶፋ ላይ ያርፋል።

ቱታው ላይ «ጄሪ» የሚል ስም ተሰፍቷል። የሚሠራለት የስለላ መሥሪያ ቤት ግን «ሸማኔ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ሰው በከተማው ውስጥ የለም።

መካከል ባለው ቤት፣ በአሮጊቷ በሚስ ሚላ ሳሎን ተንበርክኮ የአየር ጎማውን ወደ ጭስ ማውጫው ከተተ። መጀመሪያ በግራው ግድግዳ። ቀጥሎ በቀኙ። ነፋ። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዶ ጠበቀ።

ግራው ወዲያው ፈነዳ። ሚስ ቴዎፊላ የሚባሉት ጎረቤት ፊታቸው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ፣ መጥረጊያ ጨብጠው እምነበረድ ደረጃቸው ላይ ወጡ። መጋረጃው ትናንት የታጠበ መሆኑን፣ የጠራጊው እናት በር ማንኳኳት ሳታስተምረው መሞቷን፣ ለመንገዱ ሁሉ አወጁ። ፎቅ ላይ የተከራየው የወደብ ሠራተኛ ደግሞ በካናቴራው ወጥቶ ከእሳቸው የባሰውን አወረደው። ጄሪ ከአናቱ እስከ ጥፍሩ ጠቁሮ፣ ዓይኑ ብቻ እያበራ ወጣና አንገቱን ደፍቶ ስድቡን ተቀበለ። እንዲህ ያለ ስድብ የንጹሕ ሰው ስድብ ነው። ደስ አለው።

ቀኙ ዝም አለ።

መጋረጃው ትንሽ ተነቃነቀ። ከዚያ በቃ። በሩ አልተከፈተም። በዚህ መንገድ ላይ ሳሎኑ በጥቀርሻ ተሞልቶ ዝም የሚል ሰው የለም፤ ካለም የሚደብቀው ነገር አለው።

መኪናው ውስጥ አለቃው ይጠብቀዋል። የጠራጊዎች አለቃ ነኝ ብሎ ቆብ ደፍቷል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «አናጺው» ነው። ጄሪን መልምሎ ያሠለጠነው፣ ከአንድም ሁለት ጊዜ ከሞት ያወጣው እሱ ነው።

«የትኛው?»

«ቀኙ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አልተሳደበም።»

አናጺው ሳቀ። ሳቁ ረጅም ነበር። ካስፐር ነፍሱን ይማርና፣ አሁን ዕረፍት ያገኛል አለ።

ካስፐር የጄሪ ባልደረባ ነበር፤ ወንድሙ ማለት ይቀላል። ፖላንድ ውስጥ ግዳንስክ ወደብ ላይ ከባሕር ሲያወጡት ጣቶቹ አንድ በአንድ ተሰብረው ነበር። ለጠላት የሸጠው ሰው ከነዚህ ሁለት ቤቶች ባንዱ ተደብቋል ያለው አናጺው ነው። ጄሪ ሰሞኑን ጥቀርሻ የበላው፣ በቱቦ ውስጥ የተሳበው ያንን ሰው ለመያዝ ነው። የሚፈልገው እሱን ብቻ ነበር። ሌላ ምንም።

አናጺው ከመቀመጫው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ የብረት ጠርሙስ አወጣ። ነገ ይቅርታ ልንጠይቅ፣ ቤትዎን በነፃ ልናጸዳ መጣን ብለን እንገባለን፤ አንተ ላይ ወጥተህ ይህንን ቱቦው ውስጥ ትከፍታለህ፣ እኔ ከታች በማሽኑ እነፋዋለሁ፤ ሰውየው ይተኛል፣ ተሸክመን እንወጣለን አለው። ፊት ለፊት አረንጓዴ መኪና ውስጥ ጋዜጣ የሚያነበው ሰውም የኛ ነው፣ በሩን ይጠብቃል አለ።

ጄሪ ጠርሙሱን ኪሱ ከተተ።

ሚስ ሚላ ያን ቀን የክራብ ሾርባ አበሉት። ባላቸው የመርከብ ብየዳ ሠራተኛ ነበር፣ ሞቷል። ልጃቸው ካሊፎርኒያ ሄዶ በገና ካርድ ብቻ ያስታውሳቸዋል። ስለዚህ ቱቦ ጠራጊ ሲመጣ እንደ ዘመድ ነው የሚቀበሉት። ጄሪ በመጀመሪያው ቀን ነው ይህንን ያወቀው፤ ያወቀውንም ተጠቀመበት። ሁለት ጊዜ ሾርባ ደገመ፣ የልጃቸውን ፎቶ አየ፣ ወሬያቸውን ሁሉ ለቀመ። ስለ ቀኙ ጎረቤት ሚስተር ፊንች ሲጠይቃቸው አፋቸውን አጣመሙ።

«ሰው አይደለም ልበልህ ማሬ? ቅዳሜ ቅዳሜ ደረጃውን አያጥብም። አንድ ቀን እንኳ።»

ነገ እዚያ ቤት እንደሚሠራ ነገራቸው። በምሳ ሰዓት በጭስ ማውጫው በኩል እጠራሃለሁ፣ ይሰማሃል አሉት። ባላቸውንም እንደዚያ ነበር የሚጠሩት፣ ጎረቤት ቁጭ ብሎ ቢራ ሲጠጣ።

በማግሥቱ ሚስተር ፊንች በሩን በሰንሰለት ልክ ከፈተ። የገረጣ፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። ጄሪ ይቅርታ ልንጠይቅ መጣን ሲለው፣ ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ የሚል ፊት አሳየ። ሶፋው እርጥብ ነበር። ሌሊቱን ብቻውን ሲጠርግ አድሯል።

አናጺው ትንፍሽ ሳይል መንፊያውንና ትልቁን ማሽን ወደ ምድር ቤት አወረደ። ጄሪ ከፊንች ጋር ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣ።

ግማሽ ደረጃ ላይ ወደ ኋላ ዞሮ አየ። አናጺው ተመልሶ መጥቶ የመንገዱን በር ሲቆልፍ አየው። ቁልፉን አውጥቶ ኪሱ ከተተ።

ሁለቱንም ነው የቆለፈባቸው።

ጄሪ ምንም እንዳላየ ሆኖ ወጣ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ የአየር መውጫውን ፍርግርግ መፍታት ጀመረ። ፊንች ከኋላው ቆሞ እጆቹን እያሻሸ በጣም በቀስታ ተናገረ።

«አክስትህ አሁንም ቴምብር ትሰበስባለች?»

ጄሪ የፈታውን ፍርግርግ ወለሉ ላይ አኖረው። ይህ ጥያቄ የመሥሪያ ቤቱ የምሥጢር መለያ ነው። የሚሰጠውም መሥሪያ ቤቱ ራሱ ለደበቃቸው ሰዎች ብቻ ነው፤ ከማዶ፣ ከጠላት ወገን፣ ኮብልለው ለመጡት። መልሱን አፉ ሳያስበው አወጣው።

«ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ትታዋለች።»

ፊንች አልጋው ላይ ዘጭ አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። አንድ ሰው እንደሚልኩልኝ አውቅ ነበር አለ። በር እንዳልከፍት፣ ከጎረቤት እንዳልጣላ ነግረውኝ ነበር፤ ስለዚህ ጥቀርሻውን ዝም ብዬ ጠረግኩ አለ። በሚመጣው ሳምንት ትልቁ አለቃ ፊት ቀርቦ ካስፐርን ማን እንደሸጠው ይናገራል። መልኩን አይቶት አያውቅም። ማዶ ሳለ ድምፁን በስልክ ነበር የሚሰማው፤ ከናንተ ቤት የሆነ ሰው ነው አለ።

«ስሙስ?»

«አላውቅም። ድምፁን ግን መቃብር ውስጥም አልረሳው።»

በዚህ መካከል ቱቦው ተናገረ። ከምድር ቤት የተነሳ ድምፅ ቆርቆሮውን ይዞ፣ በጭስ ማውጫው ወጥቶ፣ ፍርግርጉ በተፈታው ቀዳዳ አጠገባቸው ያለ ያህል ጥርት ብሎ መጣ።

«ጄሪ፣ ከፈትከው?»

የፊንች ከንፈር ነጣ። ጣቱን ወደ ቀዳዳው ቀሰረ።

ጄሪ ገባው። ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባው፤ የአናጺው ረጅም ሳቅ፣ የተቆለፈው በር፣ ጠርሙሱ። ጠርሙሱ አያስተኛም። ካስፐርን የሸጠው ሰው የሚመሰክርበትን ሰው አሳድዶ እንዲያገኝለት የካስፐርን ወንድም ላከ፤ ወንድምየውም አገኘለት። ጄሪ በሕይወቱ እንደዚያን ቅጽበት ራሱን ጠልቶ አያውቅም።

መሣሪያ አልያዘም። የአናጺው ሽጉጥ የዕቃ ሳጥኑ ውስጥ ነው። መንገድ ላይ አረንጓዴው መኪና አለ።

ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አለ።

«ልከፍተው ነው። ትልቁን ማሽን አብራው፣ ወደ ላይ ይገፋዋል።»

ትልቁ ማሽን አይገፋም። ይመጥጣል። ቤቱ ውስጥ ያለውን አየር ሁሉ ወደ ምድር ቤት ይስባል። አናጺው ቆብ ከመድፋት በቀር ሥራውን ሠርቶት አያውቅም።

ማሽኑ አጓራ። ጄሪ ጠርሙሱን ከፍቶ ቱቦው ውስጥ ለቀቀው። ጠርሙሱ ቆርቆሮውን እያንኳኳ ቁልቁል ወረደ። ቀዳዳውን በእርጥብ ፎጣ ደፈነው። የፊንችን ክንድ ይዞ በመሰላሉ ወደ ጣሪያው መውጫ ገፋው። እዚህ ሰፈር ሁሉም ቤት በጣሪያው ላይ መውጫ አለው፤ ጣሪያዎቹም ከጥግ እስከ ጥግ የተያያዙ ናቸው።

የነሐሴ ፀሐይ ሬንጁን አቅልጦታል። ጄሪ ጎንበስ ብሎ እየሮጠ የጋራው ጭስ ማውጫ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ከታች አናጺው ሲስል ተሰማ።

የቆመው ግን በሳሉ አይደለም። ትናንት ለሥራው ብሎ ሁለቱን ምድር ቤቶች የሚያገናኘውን የጭስ ማውጫውን የታች በር በሚስ ሚላ በኩል ከፍቶ እንደተወው ያን ጊዜ ትዝ አለው። ምድር ቤት የሞላው ነገር ሁሉ በዚያ በር ገብቶ ወደ ላይ ይወጣል። በሚስ ሚላ ሳሎን በኩል።

ያን ጊዜ ድምፃቸው መጣ። ከጭስ ማውጫው ውስጥ፣ እንደ ሁልጊዜው ገራም።

«ጄሪ? ማሬ፣ ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው።»

ቀዳዳው ላይ ተደፍተዋል ማለት ነው። አፋቸውን ወደ ጭስ ማውጫው አስጠግተዋል ማለት ነው።

ጄሪም አፉን አስጠጋ። አንድ ቃል ይበቃል። «ውጡ» ቢል ይሰሙታል። ግን እሳቸው የሰሙትን አናጺውም ይሰማዋል፤ ማሽኑን ያጠፋል፣ ሽጉጡን ይዞ ይወጣል፣ አረንጓዴውን መኪና ይጠራል። ፊንች ጣሪያ ላይ ይሞታል። ካስፐርን የሸጠው ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል።

«ጄሪ? አለህ ልጄ?»

አልመለሰም።

ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። ፊንች እጅጌውን ይዞ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ከታች ሳሉ በረታ፣ እየተቆራረጠ መጣ፣ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ። ከዚያ የማሽኑ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ያን ጊዜ ጮኸ። ሚስ ሚላ ይውጡ፣ በር ከፍተው ይውጡ እያለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ወደ ጭስ ማውጫው ጮኸ። የጣሪያ መውጫቸውን በተረከዙ ደበደበው፤ ባላቸው ከመሞቱ በፊት ከውስጥ በሚስማር መቶታል። ጆሮውን ጣውላው ላይ ለጠፈ። ቴሌቪዥናቸው ውስጥ ሰዎች ይስቃሉ። ሌላ ድምፅ የለም።

ፊንች ጎተተው። ሄዱ። በመንገዱ ጫፍ ባለው ቤት በኩል ወደ ኋላው ጠባብ መንገድ ወረዱ። ጄሪ አንድ ቡና ቤት ገብቶ ለእሳት አደጋ ደወለ፣ የሚስ ሚላን ቤት ቁጥር ተናግሮ ዘጋ።

ጋዜጣው ሁለቱን ሰዎች የገደለው የአሮጌ ማሞቂያ ብልሽት ነው አለ፤ በነሐሴ ማን ማሞቂያ እንደሚያበራ የጠየቀ የለም። አረንጓዴው መኪና ወደብ ላይ ተያዘ። ፊንች መሰከረ፤ ከሱ ምስክርነት የተነሳ ብዙ ሰው ከሞት ተረፈ። ትልቁ አለቃ ሸማኔን ጠርቶ እጁን ጨበጠው። ስለ አሮጊቷ በሰነዱ ላይ የሰፈረው ነገር የለም። አዲስ ስም፣ አዲስ ከተማ፣ አዲስ ሥራ ተሰጠው። በባቡር ከመሄዱ በፊት አንድ ቀን ባልቲሞር እንዲቆይ አልተፈቀደለትም ነበር። ቆየ።

ቀብሩ ላይ ሰው ጥቂት ነበር። ልጃቸው አበባ ልኳል። ጄሪ ፊቱን ታጥቦ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ግራጫ ሱፍ ለብሶ ከኋላ ቆመ። ሚስ ቴዎፊላ በመሐረባቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ አጠገቡ መጥተው ቆሙ። አላወቁትም። እሳቸው ያዩት ጥቀርሻውን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

«ቀዳዳው አጠገብ ነው የተገኘችው» አሉት በሹክሹክታ። «ምሳ ልትሰጠው ያንን ጠራጊ ስትጠራ። ልጄ ትለው ነበር እኮ። እሱ ባለጌ ግን አፈር እንኳ ሊያለብሳት አልመጣም።»

ጄሪ ቆቡን ከግራ እጁ ወደ ቀኙ አዛወረ።

«እርስዎስ ጌታዬ፣ ዘመዷ ነዎት?»

«አይደለሁም» አለ። «አላውቃቸውም።»

ቆቡን አድርጎ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄደ።