እስከ አፉ የተሞላው ጣሳ

እንደነዚያ አባትና ልጅ የሚዋደድ ሰው ማን አይቷል? ሰፈሩ ሁሉ ይቀናባቸው ነበር። አባትየው የቤት ዕቃ ቫርኒሽ ቀቢ ናቸው። የእሳቸው እጅ ያረፈበት ጠረጴዛ ፊት ስለሚያሳይ «አባ መስታወት» ይሏቸዋል። ልጅቱ ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር በአንድ ግድግዳ በተያያዘችው ጠባብ ወርክሾፕ ውስጥ ያደገች፣ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግን ከፊደል ቀድማ የተማረች፣ ትዳር ይዛ እንኳ ከአባቷ ጉያ ያልወጣች ሴት ናት። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ። እናቷ ግን የለችም። ዕድሜ ልኳን የቲነር ሽታ ስትስብ ኖራ፣ ደረቷ እየጠበበ፣ እየጠበበ... አንድ ቀን በሳል መሀል እልም ብላ ቀረች። ሐኪሞቹ ምክንያቱን አፋቸውን ሞልተው አልተናገሩም። አባ መስታወት ግን ቆርጠው አምነው ነበር፤ ሚስቴን የገደላት ቲነር ነው፣ ቲነሩን ቤቴ ያስገባሁትም እኔ ነኝ ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ፈጣሪያቸውን የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ይህችን አንዲት ልጃቸውን እንዳይነጥቃቸው።

ታዲያ አንድ ቀን ቀለም ሻጩ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ከተክል ዘይት የተሠራ፣ አክሪሌት የሚባል ቫርኒሽ ነው። ይቀቡታል፣ ሰማያዊ መብራት ያበሩበታል፣ ከዓይን ጥቅሻ በፊት ደርቆ ቁጭ! ሽታው እንደ ቲነር አያፍንም። አባ መስታወት ጣሳውን ከፍተው አሸተቱና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ምነው ይኼ ነገር በእናትሽ ዕድሜ በመጣ!» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው።

ሻጩ ሳይናገር አልቀረም፤ በእሱስ አይፈረድም። «ጋሼ፣ ከተክል ነው ብለው እንዳይንቁት። ሳይደርቅ ቆዳ እንዳይነካ። ወፈር ያለ ጓንት ያድርጉ፣ ከነካካውም ቶሎ ይቀይሩት። ደግሞ ጣሳው ከላይ ጎደል እንዳለ ይተዉት፣ ሙቀትም አያስጠጉት» አላቸው።

«ጎደል እንዳለ? አጉድዬ ሸጥኩልዎት አትለኝም፣ አንተ ቀልደኛ!» አሉና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ተሳሳቁ። ሻጩም ሥራ ነበረበትና ሄደ። ወይ ሳቅ! ያን ቀን የሳቁትን ሳቅ ልጅቱ ዛሬም ድረስ ትሰማዋለች። አባቷ ከዚያ ሁሉ ምክር የያዙት «ከተክል ነው» የምትለዋን ብቻ ነበር።

የአባ መስታወት ሙያ ጓንት አያውቅም። እንጨቱ ከተቀባ በኋላ የቀረችውን ብናኝ በባዶ አውራ ጣት ዳበስ አድርገው ያነሷታል። ጌጡም ምስጢሩም እሱ ነው። ልጅቱንም ያስተማሯት እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ጓንት አድርጋ ነበር፤ እሳቸው ግን «አውልቂው እቴ! በጓንት የተቀባ እንጨትና በካልሲ የተበላ ምሳ አንድ ነው። የዛፍ ልጅ ምን ያደርግሻል?» ብለው አሾፉባት። እየሳቀች አወለቀችው። የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ገና መነሳቷ ነበር፤ ሕፃኑ ከግድግዳው ወዲያ ሲተኛ ትሠራለች፣ ሲነቃ ታጠባለች። ጣቶቿ ማሳከክ ጀመሩ። የሽንት ጨርቅ ማጠቢያው ሳሙና ነው ብለው ሳሙና ቀየሩ። ቀላ፣ ውኃ ቋጠረ፣ ተሰነጠቀ። ጥፍሯ ከሥሩ መነሳት ጀመረ፣ የዓይኗ ቆብ አብጦ ማየት ከለከላት። አንድ ጠዋት ልጇን አቅፋ ጉንጩን ልትዳብስ ስትል፣ ከጣቷ የወጣው ደምና ውኃ በነጩ ልብሱ ላይ ተንጠባጠበ። ያን ጊዜ ጮኸች።

የቆዳ ሐኪሟ እጇን አገላብጣ አይታ ሥራዋን ጠየቀቻት። ከዚያ ምንም አላለሳለሰችም። «ሰውነትሽ ይህን ነገር ጠልቶታል። አንዴ ከጠላ ደግሞ አይታረቅም። እጅሽ ይድናል፤ ግን ካሁን በኋላ ያልደረቀው ጠብታ ሊነካሽ አይገባም። ደርቆ ዕቃ ላይ ያለው አያሰጋሽም፤ ጠላትሽ እርጥቡ ነው።»

«ከተክል ነው እኮ የተሠራው!» አሉ አባ መስታወት፣ የሰሙትን ማመን አቅቷቸው።

«አባቴ፣ ሳማም ተክል ነው» አለች ሐኪሟ።

አባ መስታወት ደነገጡ። ቆመው የነበሩት ሰውዬ ወንበር ሳይፈልጉ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እናትየውን ቀበሩ፣ አሁን ደግሞ የልጅየዋን እጅ? ያውም «አውልቂው» ባለ በገዛ አፋቸው? «እኔን! እኔን አፈር ይብላኝ!» እያሉ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ልጅቱ በፋሻ በተጠቀለለ እጇ ጭንቅላታቸውን ደገፍ አድርጋ፣ «አባዬ፣ ይድናል አለች እኮ። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የማደርገውን ታውቃለህ? የልጄን ፊት በባዶ እጄ እዳብሳለሁ» አለቻቸው። እሳቸውም ፈጣሪ ያን ቀን እንዲያሳያቸው ተመኙ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ምኞት አልነበራቸውም።

ወርክሾፑን ከለከሏት። የጀመሩትን ሥራ ብቻቸውን ጨርሰው፣ ያን ነገር ከቤታቸው ሊያስወጡ ለራሳቸው ማሉ። ጓንት አደረጉ፣ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ወደ ልጃቸው አይገቡም፣ መስኮት ይከፍታሉ። ታዲያ ምን ዋጋ አለው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ሁለት የተጋመሱ ጣሳዎች ቀርተው ነበር። ሁለት ክፍት ጣሳ ሁለት ጠላት ነው ብለው አንዱን በአንዱ ላይ ገለበጡና እስከ አፉ ሞሉት። ሽታው እንኳ ወደ ልጄ አይሻገርም ብለው ክዳኑን ደብድበው ገጠሙ፤ ዙሪያውን በፕላስተር ደጋግመው ጠመጠሙት። የድሮ ቀቢ ሁሉ የሚያውቀው ሕግ ነው፤ ቀለም ጠላቱ አየር ነው፣ አየር ካገኘ ቆዳ ያወጣል። ይህኛው ግን ተቃራኒው ነበር! ውስጡ ሳይጨመርበት አይሸጥም የሚባል፣ በራሱ እንዳይጋገር የሚይዘው መድኃኒት አለው። ያ መድኃኒት የሚሠራው አየር ሲያገኝ ነው። ለዚያ ነበር ጎደል ብሎ የተሸጠላቸው። እሳቸው ልጃቸውን ለመጠበቅ ብለው ጣሳውን አፈኑት። ብርድ ስለነበር ቫርኒሹ ወፍሮባቸው፣ ለማግስቱ ሥራ እስኪሳሳ ብለው ከኤሌክትሪክ ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጡት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ልጅቱ ከግድግዳው ወዲያ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል የቆርቆሮ ድምፅ ሰማች። አባ መስታወትም ሰሙና ገቡ። ክዳኑ እንደ ጉንጭ ተነፍቷል። ማሞቂያውን ነቀሉት። ጣሳው ግን ሊቀዘቅዝ ነው ሲሉ ጭራሽ ባሰበት፤ እሳት ሳይኖር ከራሱ ከውስጡ እየጋለ ነው። ምን ዓይነት ጉድ ነው? ጥለውት መሮጥ ነበረባቸው። ጥለው፣ ልጃቸውን ይዘው፣ መንገድ ተሻግረው የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መጥራት! ግን ከዚያች ቀጭን ግድግዳ ወዲያ ሕፃኑ ተኝቷል፣ እናቱ ደግሞ በፋሻ እጇ መቼ አንስታው ልትደርስ? የእሳቸው ሐሳብ ይህ ነበር።

«ልጁን ይዘሽ ውጪ! በፊት በር ውጪ!» ሲሉ ጮኹ።

ሕፃኑን በክንዷና በክንዷ መሀል አቅፋ ሮጠች። ከመንገዱ ማዶ ደርሳ ዘወር ስትል፣ አባቷ በወርክሾፑ የጎን በር የሚጨስ ጣሳ ደረታቸው ላይ አቅፈው ሲወጡ አየች። ልክ ሕፃን እንደሚታቀፍ አቅፈውታል! «ጣለው! አባዬ ጣለው!» አለች። እሳቸው ከወርክሾፑ ጎን ወዳለው ባዶ ቦታ ጥቂት ራመድ አሉ... ጥቂት ብቻ። ከዚያ ጣሳው ፈነዳ።

ልጅቱ ሆስፒታል ደርሳ ስታያቸው ከግንባራቸው በቀር ያልተጠቀለለ አካል አልነበራቸውም። ነርሷ ውጭ ላይ እውነቱን ነግራታለች፤ ቃጠሎው የሚቻል አይደለም። ልጅቱ አልጋው ሥር ተንበረከከች። ፋሻዋን በጥርሷ መፍታት ስትጀምር አባ መስታወት ዓይናቸውን ገለጡ።

«እንዳትነኪኝ።»

«አባዬ...»

«ያ ነገር ላዬ ላይ አለ። እንዳይነካሽ ተብሏል። እጅሽ...»

«አጥበንዎታል አባባ፣ ምንም የለብዎትም» አለች ነርሷ እንባዋን እየዋጠች። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ አደገኛ ነው ሲባሉ ያላመኑት ሰውዬ፣ ዛሬ ደህና ነው ሲባሉ ማመን እምቢ አሉ!

«ልጁስ?» አሉ።

«ደህና ነው። ደህና ነን። እባክህ አባዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልያዝህ።»

«በሞቴ» አሉ አባ መስታወት፤ «በሞቴ እንዳትነኪኝ።»

በአባት ሞት የተያዘ ሰው ምን ያደርጋል? እጆቿን ወደ ኋላዋ አጣመረች። ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ አንዲት ክንድ በማትሞላ ርቀት፣ ሳትነካቸው... ትንፋሻቸው እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ቆመ። ነርሷ ዓይናቸውን ከደነችና ልጅቱን ከወለሉ አነሳቻት። «አሁን ንኪያቸው፣ እህቴ። እውነቴን ነው፣ አይጎዳሽም» አለቻት።

ፋሻዋን ፈታችው። እነዚያ ጣቶች የሕፃኑን ጉንጭ እንዲዳብሱ ነበር ሁለቱም ሲጠብቁ የከረሙት። መጀመሪያ የዳሰሱት ግን የአባቷን ግንባር ሆነ፤ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ዕጣ ፈንታ ነው ብሎ ያልፈዋል። ክፉ ሰው በክፋቱ ቢጠፋ ልብ ይችለው ይሆናል። በፍቅር ብዛት ለጠፋ ሰው ግን ማን ይከሰሳል? ባሏ ከመንገድ ደርሶ በሩ ላይ ሲቆም እጆቿን ከአባቷ ግንባር አላነሳችም። ሕፃኑ ኮሪደሩ ላይ በሰው እጅ ሆኖ ያለቅሳል፤ የጡቱ ሰዓት ደርሷል። ነርሷ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። ልጅቱ ተነሣች፣ እጇን በሳሙና እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች፣ ከዚያ ልጇን ልትቀበል ወጣች።